ብስጭት የሕመም ምልክት ሲሆን፦ ለድብርት የሚስማማውን መድኃኒት ስለ መፈለግ



በዚህ የጥናት ገጽ ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ በብዙ ቤት የሚታይ፣ በአደባባይ ግን እምብዛም የማይነገር ነው። አንድ ሰው ጠባዩ ተለውጦ ቁጡና ነጭናጫ ሲሆን «ክፉ ሆነ» እንላለን እንጂ «ታሞ ይሆን?» ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ጥያቄው ባለመጠየቁም ትዳር ይፈርሳል፣ ልጆች ከቤት ይሸሻሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወት ይጠፋል።

ነገሩን ለማየት እንዲመቸን በምሳሌ እንጀምር። ምሳሌው የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም፤ መምህራን በየቤቱ ከሚያጋጥማቸው የተውጣጣ ነው። በጋምቤላ ከተማ የሚኖር፣ የአራት ልጆች አባት የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ እናስብ። ቀድሞ በጎረቤት ዘንድ በጨዋታው የታወቀ ሰው ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን የበር መንኳኳት፣ የሕፃን ልቅሶ፣ የሬዲዮ ድምፅ ሁሉ ያስቆጣዋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቶ እስኪነጋ አይተኛም። ምግብ አስጠልቶታል፤ ከማኅበርም ቀርቷል። ማታ በልጆቹ ላይ ይጮኻል፤ ጧት ስለ ጩኸቱ ራሱን ይወቅሳል። ጎረቤቱ «መጠጥ ነው» ይላል፤ እናቱ «ዓይን በልቶት ነው» ትላለች፤ ሌላው «ንስሐ ይግባ» ይላል። ሚስቱ ግን ወደ መምህሩ መጥታ «ይህ ሰው የማውቀው ባሌ አይደለም» አለችው። ከሁሉ ይልቅ ለእውነት የቀረበችው እርሷ ናት።

ከዚህ ምሳሌ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ። እንዲህ ያለው ብስጭት በእርግጥ ሕመም ነውን? ሕመም ከሆነ የሚያስታግሠው መድኃኒት አለን? የመጀመሪያው መድኃኒት ሳይስማማ ቢቀርስ ምን ይደረጋል? በየተራ እንመልከታቸው።

1. ድብርት ሁልጊዜ አያለቅስም

ድብርት፣ ዛሬ በሕክምናው ቋንቋ ድባቴ የሚባለው፣ ሲነሣ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው አንገቱን የደፋ፣ ዕንባ ያቀረረ ሰው ነው። ሐኪሞች ግን የሚፈልጉት አንድ ላይ የተሰበሰቡ ምልክቶችን ነው። ኀዘን ወይም ደስታን ማጣት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ሲቆይ፤ ከዚህም ጋር የእንቅልፍና የምግብ መዛባት፣ ድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን ያለ ልክ መውቀስ፣ ሞትን መመኘት ሲታከሉበት ሕመሙ አለ ይባላል። ሥራውንና ኑሮውን እስኪያውክበት ድረስ መድረሱም ይታያል።

በዓለም ዙሪያ የሚሠራባቸው የምርመራ መመሪያዎች ለሕፃናትና ለጎረምሶች ብስጭትን ከኀዘን እኩል እንደ ዋና ምልክት ይቈጥሩታል። ለዐዋቂዎች ግን በዋናዎቹ ምልክቶች መካከል አላሰፈሩትም። ስለዚህ ዐዋቂው በሽተኛ ሲበሳጭ የሚጠይቀው ያጣል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በድብርት ሕሙማን ላይ የተካሄደውና ስታር ዲ በመባል የሚታወቀው ታላቅ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ10 ሕሙማን መካከል 4 ያህሉ ከግማሽ በላይ ለሚሆነው ጊዜ ብስጩ ሆነው ይውሉ ነበር። ብስጭት የነበረባቸውም ሕመማቸው የበረታ፣ ጭንቀትም የታከለበት ሆኖ ተገኝቷል።

ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በቦስተን ከተማ ሐኪሙ ማውሪስዮ ፋቫና ባልደረቦቹ በድብርት ሕሙማን ላይ የሚታየውን ድንገተኛ የቁጣ ግንፋሎት አጥንተው ነበር። በትንሽ ምክንያት የሚነሣ፣ ልብን የሚያስመታ፣ ላብ የሚያጠምቅና ከጠባዩ ጋር የማይሄድ፣ በኋላም በጸጸት የሚከተል ቁጣ ነው። ለድብርቱ ፍሉኦክሰቲን የተባለ መድኃኒት ከወሰዱት መካከል ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ይህ ቁጣ ጠፍቷል። ለርእሳችን ይህ ግኝት ትልቅ ነው፤ ለቁጣው ብቻ የተለየ መድኃኒት ከመፈለግ በፊት ድብርቱን በሚገባ ማከም የመጀመሪያው መንገድ መሆኑን ያሳያልና።

2. መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት መታየት ያለባቸው

ብስጩ ሁሉ ድብርት አለበት ማለት አይደለም። ስለዚህ ጤና ጣቢያ የደረሰ ሰው አስቀድሞ በሚገባ መመርመር አለበት። በአካባቢያችን ወባ የተለመደ ነው፤ ተደጋጋሚ ወባና ደም ማነስ ድካምንና መነጫነጭን ያመጣሉ። በአንገት ላይ ያለው የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ሰውን ያስቆጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ያከሳል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርትም በእናቶች ላይ ብዙ ጊዜ በብስጭት መልክ ይገለጣል።

አልኮልና ጫት ለብቻቸው መጠየቅ አለባቸው። አረቄ ለጊዜው የሚያረጋጋ ይመስላል፤ ሲለቅ ግን እንቅልፍን ያቋርጣል፣ ብስጭትንም እጥፍ ያደርጋል። ጫትም ምርቃናው ሲያልፍ ድብርትና መነጫነጭን ትቶ ይሄዳል። እነዚህ ሳይነኩ የሚወሰድ መድኃኒት በቀዳዳ ማድጋ ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ጤና ጥናት ከአገሪቱ ክልሎች ሁሉ ኤች አይ ቪ በብዛት የተገኘው በጋምቤላ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ በሽተኛው የዚህ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ እንደ ሆነ ለሐኪሙ በግልጽ ይናገር። ቀደም ባሉት ዓመታት በሰፊው ይሰጥ የነበረው ኤፋቪሬንዝ በአንዳንዶች ላይ ቅዠትና የመንፈስ መረበሽ ያመጣ ነበር፤ ኋላ የተተካው ዶሉቴግራቪርም ጥቂቶችን እንቅልፍ ይነሣል። ይህ ማለት ግን መድኃኒቱ ይቋረጥ ማለት ፈጽሞ አይደለም፤ ሐኪሙ ያስተካክለዋል።

ኀዘንም ለብቻው ይታይ። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ከድንበር ማዶ የመጡ ታጣቂዎች በክልላችን በፈጸሙት ጥቃት ከ200 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ ከ100 በላይ ሕፃናትም ተወስደዋል። ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ሱዳንን ጦርነት ሸሽተው በኩሌ፣ በቲርኪዲ፣ በጀዊና በሌሎችም መጠለያዎች የሰፈሩ ወገኖቻችንም የደረሰባቸውን እናውቃለን። ሟቹን የሚያለቅስ፣ በኀዘኑም የሚቆጣ ሰው ሁሉ የአእምሮ ሕመምተኛ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ለኀዘን ብቻ የድብርት መድኃኒት እንዳይታዘዝ ይመክራል። ኀዘኑ ከአካባቢው ልማድ አልፎ ሲረዝምና ከላይ የዘረዘርናቸው ምልክቶች ሲታከሉበት ግን ሕክምና ያስፈልጋል።

በመጨረሻም አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ መቅረት የለበትም፦ «ከዚህ ቀደም ያለ ልክ የተደሰትህበት፣ ሳትተኛ የማትደክምበት፣ ገንዘብ የበተንህበት፣ ብዙ የተናገርህበት ሰሞን ነበርን?» መልሱ «አዎን» ከሆነ ሕመሙ ሁለት ገጽታ ያለው፣ ባይፖላር የሚባለው ሊሆን ይችላል። የዚህም ሕክምና ሌላ ነው። በዚህ ሕመም ላይ የድብርት መድኃኒት ብቻውን ቢሰጥ በሽተኛውን ወደ ከፋ መቅበጥበጥ ሊገፋው ይችላል።

3. መድኃኒቶቹ ከየት መጡ? ምን ያደርጋሉ?

የመጀመሪያዎቹ የድብርት መድኃኒቶች የተገኙት ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በኒው ዮርክ በሲ ቪው ሆስፒታል የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን አይፕሮናያዚድ የተባለ መድኃኒት ይሰጣቸው ነበር። መድኃኒቱ ዛሬ ለነቀርሳ ለሚሰጠው ለአይሶናያዚድ የቅርብ ዘመድ ነው። ተኝተው የነበሩት ሕሙማን ተነሡ፣ ምግብ ፈለጉ፣ መንፈሳቸውም ተነቃቃ። ይህ መድኃኒት ጉበትን ስለሚጎዳ በኋላ ቢቀርም ድብርት በመድኃኒት ሊነካ እንደሚችል አስተማረ። በስዊስ አገርም ሮላንድ ኩን የተባለ ሐኪም ለሌላ የአእምሮ ሕመም ሊሞክረው የያዘው ኢሚፕራሚን የተደበሩትን እንደሚያነሣ አስተዋለ፤ ግኝቱንም እ.ኤ.አ. በ1957 አወጣ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ፍሉኦክሰቲን በአሜሪካ ተፈቀደ።

በአገራችን ጤና ተቋማት ለድብርት በብዛት የሚታወቁት ከቀድሞዎቹ አሚትሪፕቲሊንና ኢሚፕራሚን፣ ከኋለኞቹ ደግሞ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ናቸው። ሁሉም በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያደርሱትን፣ እንደ ሴሮቶኒን ያሉትን ንጥረ ነገሮች ይነካሉ። ሴሮቶኒን በስሜት ላይ ብቻ ሳይሆን ድንገተኛ ስሜትን በመግታት ላይም ድርሻ አለው። መድኃኒቱ የሠራለት ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ደስታ አይደለም፤ የሚያስቆጣው ነገር እንዳለ ሆኖ ለመቆጣትና ላለመቆጣት የምታህል ትንሽ ጊዜ እንዳገኘ ነው የሚናገረው።

እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱ ጠባይ አለው። አሚትሪፕቲሊን ያስተኛል፤ ስለዚህ እንቅልፍ ላጣ ሰው ማታ ይሰጣል። አፍን ግን ያደርቃል፣ ሆድን ያስራል፣ ሲነሡ ያዞራል። የልብ ሕመም ላለባቸውና ለአረጋውያን ጥንቃቄ ይሻል፤ ከታዘዘው በላይ ቢወሰድም ልብን አውኮ ሊገድል ይችላል። ፍሉኦክሰቲን ብዙውን ጊዜ ጧት ይወሰዳል፤ ከመጠን በላይ ቢወሰድ የሚያደርሰው አደጋ ከአሚትሪፕቲሊን ያነሰ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ ማጣትና መቁነጥነጥ ሊያመጣ ይችላል።

ዳያዚፓምን ስለሚመለከት አንድ ቃል እንጨምር። ይህ ኪኒን ቶሎ ስለሚያረጋጋ በሰዎች ዘንድ ይወደዳል። ነገር ግን የድብርት መድኃኒት አይደለም፤ ሳምንታት ሲቆጠሩ ሱስ ይሆናል፣ ሲቋረጥም ብስጭቱን አብዝቶ ይመልሳል። ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት መግዛት አይገባም።

4. የስድስት ሳምንት ትዕግሥት

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ያ አባት በሚስቱና በመምህሩ ምክር ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ፤ አሚትሪፕቲሊን ታዘዘለት። በአሥረኛው ቀን ግን ተወው። «እንቅልፍ አበዛብኝ፣ አፌ ደረቀ፣ ብስጭቴ ግን አለ» አለ። ብዙዎች ሕክምናውን የሚያቋርጡት እዚህ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ ያልሠራው በመጥፎነቱ ሳይሆን ጊዜው ባለመድረሱ ሊሆን እንደሚችል አልተነገራቸውምና።

የድብርት መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ኪኒን አይደለም። የማይመቸው ነገር በመጀመሪያው ቀን ይመጣል፤ ጥቅሙ ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምራል። በቂ በሆነ መጠን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በየቀኑ ሳይወሰድ «አልሠራም» ማለት አይቻልም። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚሻሻሉት እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ናቸው፤ ለውጡንም ከበሽተኛው ቀድሞ የሚያየው ቤተሰቡ ነው። ስለዚህ አንድ ትንሽ ደብተር ይያዝ። በየማታው ሦስት ነገር ይጻፍበት፦ ስንት ሰዓት ተኛ? ዛሬ ስንት ጊዜ ገነፈለ? መድኃኒቱን ወሰደ ወይስ አልወሰደም? ሐኪሙ ከዚህ ደብተር የሚያገኘውን በሌላ መንገድ አያገኘውም።

ሲሻለውም ወዲያው መተው የለበትም። ሕመሙ ከለቀቀ በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ወር መቀጠል ይመከራል። ማቆሚያውም በአንድ ቀን አይደለም፤ በሐኪም ትእዛዝ፣ ቢያንስ በአራት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። በድንገት ያቋረጠ ሰው ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣትና መነጫነጭ ሊመጣበት ይችላል፤ እርሱም «ሕመሜ ተመለሰ» ወይም «ሱስ ሆነብኝ» ይላል። የድብርት መድኃኒቶች የመጠጥ ዓይነት ሱስ አያስይዙም፤ አካል ግን የለመደውን ቀስ ብሎ መልቀቅ ይፈልጋል።

5. የመጀመሪያው ሳይስማማ ሲቀር

በላይ በጠቀስነው የስታር ዲ ጥናት በመጀመሪያው መድኃኒት ከሕመሙ ሙሉ በሙሉ የተላቀቁት ከሦስት ሕሙማን አንድ ያህሉ ናቸው። የቀሩት ሁለተኛ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ ያለፈ ሙከራ አስፈልጓቸዋል። እንግዲህ የመጀመሪያው መድኃኒት አለመስማማቱ የተለመደ ነገር ነው፤ የመዳን ተስፋ ተቆረጠ ማለት አይደለም።

ሐኪሙ በቅደም ተከተል የሚጠይቃቸው አሉ። በየቀኑ ተወስዷልን? መጠኑ በቂ ነበርን? መጠጡና ጫቱ ቀርተዋልን? ምርመራውስ ትክክል ነበርን? እነዚህ ከተመለሱ በኋላ መጠኑን ከፍ ያደርጋል፣ ወይም ወደ ሌላ መድኃኒት ይለውጣል። ለውጡ በሐኪም እጅ ብቻ መሆን አለበት። ለምሳሌ ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል፤ አሚትሪፕቲሊን ቢደረብበት ኋለኛው በደም ውስጥ ከልክ በላይ ይከማቻል።

የምሳሌያችን አባት ደብተሩን ይዞ ተመለሰ። የጤና መኮንኑም መድኃኒቱን ወደ ፍሉኦክሰቲን ለወጠለት። በመጀመሪያው ሳምንት ተቁነጠነጠ፤ ሊተወውም ተነሥቶ ነበር። አስቀድሞ ስለ ተነገረው ግን ጠበቀ። በአምስተኛው ሳምንት በደብተሩ ላይ የሰፈረው የግንፋሎት ቁጥር በቀን ከአራት ወደ አንድ ወረደ። በሦስተኛው ወር ትንሿ ልጁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በበሩ ላይ ቆማ የአባቷን ፊት መመርመር ተወች።

ሕመሙ ባይፖላር ሆኖ ከተገኘ ግን መንገዱ ይለያል፤ እንደ ሊትየም፣ ካርባማዜፒንና ቫልፕሮዬት ያሉ ስሜትን የሚያረጋጉ መድኃኒቶች ይታሰባሉ። ሊትየም እ.ኤ.አ. በ1949 በአውስትራልያዊው ሐኪም በጆን ኬድ ጥናት የታወቀ፣ ዛሬም ትልቅ ዋጋ ያለው መድኃኒት ነው። እንደ ጋምቤላ ባለ ሞቃት ቈላ ግን ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ሰው ብዙ ሲያልበው፣ ሲያስቀምጠው ወይም ውኃ ሲጠማው ሊትየሙ በደም ውስጥ ይበዛና ይመርዛል። የእጅ መንቀጥቀጥ መበርታት፣ ማስታወክ፣ መንገዳገድና የአነጋገር መተሳሰር ምልክቶቹ ናቸው። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችም ያበዙታል። ስለዚህ የደም ምርመራ በማይደረግበት ቦታ ሊጀመር አይገባም። ቫልፕሮዬትም ጽንስን ስለሚጎዳ መውለድ ለሚችሉ ሴቶች አይመከርም።

6. ፈጥኖ ወደ ሐኪም መመለስ የሚያስፈልግበት ጊዜ

አንዳንድ ጊዜ መድኃኒቱ ራሱ ብስጭትን ያባብሳል። በተለይ ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች በሆኑ ወጣቶች ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና መጠኑ በሚለወጥበት ጊዜ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊነሣ እንደሚችል የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አስጠንቅቋል። ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት እነዚህ መድኃኒቶች ለድብርት አይሰጡም። ስለዚህ ቤተሰብ በእነዚህ ሳምንታት በሽተኛውን ብቻውን አይተወው።

በሽተኛው «መኖር ሰለቸኝ» ቢል፣ በአንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶት ቢቅበጠበጥ፣ ሳይተኛ ቀናት ቢያሳልፍ፣ ያለ ልክ ቢደሰትና ቢለፈልፍ፣ የማይሰማ ድምፅ ቢሰማ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ሞትን እንደ ተመኘ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ብዙ ጊዜ ሸክሙን ያቀልለታል። በቤት ያሉ መድኃኒቶችና የተባይ ማጥፊያ መርዞች በሌላ ሰው እጅ ይጠበቁ፤ መድኃኒቱም ለጥቂት ቀናት የሚበቃው ብቻ ይሰጠው።

ደግሞም የወባ መድኃኒት በሚታዘዝበት ጊዜ የድብርት መድኃኒት እንደሚወስድ ይናገር። ኮአርተምና አሚትሪፕቲሊን ሁለቱም የልብን ምት ሊነኩ ይችላሉና። ለሕመም የሚሰጠው ትራማዶልም ከፍሉኦክሰቲን ጋር ያለ ሐኪም ምክር መወሰድ የለበትም።

7. ሕክምናው ወዴት ይገኛል?

በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ለረጅም ዘመን በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም ሕክምናው በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲሰጥ አቅዷል። በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ የተካሄደው ፕራይም የተባለ ፕሮግራም ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሠልጥነው ይህን ሥራ ሊሠሩ እንደሚችሉ አሳይቷል፤ ይሁን እንጂ ድብርት ያለባቸው ብዙዎቹ ሳይታወቅላቸው ይመለሱ እንደ ነበርም አስተምሯል። ምክንያቱም በሽተኛው ለነርሱ የሚነግረው ስለ ራስ ምታቱና ስለ ድካሙ እንጂ ስለ ብስጭቱ አይደለም። የማይነገር ነገር አይታከምምና ብስጭቱን ራሱ እንዲናገር እናደፋፍረው።

እንግዲህ መንገዱ ከቅርቡ ጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ጋምቤላ ሆስፒታል፣ አስፈላጊ ሲሆንም በጎሬ፣ በመቱና በበደሌ አልፎ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይዘልቃል። ባሮ ሞልቶ በሚፈስበት ወራት በኢታንግ፣ በላሬና በጂካዎ መንገድ እንደሚቋረጥ እናውቃለን። ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ በሽተኛው መድኃኒቱ እንዳይቋረጥበት ከሐኪሙ ጋር ይመካከር፤ ትርፉንም ቤተሰብ ያስቀምጥለት። ሕክምናው በበሽተኛው ቋንቋ፣ በኑዌርኛም ይሁን በአኝዋክኛ፣ ቢሆን መልካም ነው። አስተርጓሚ ካስፈለገ ግን የቤቱ ልጅ አይሁን፤ አባት በልጁ አፍ ስለ ቁጣው መናገር ያፍራልና።

መድኃኒት ብቻውንም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2017 በኡጋንዳ በራይኖ ካምፕ በሚኖሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች እናቶች መካከል አንድ ሙከራ ተደርጎ ነበር። እናቶቹ በቡድን እየተሰበሰቡ ጭንቀትን ስለ መቋቋም የተቀረጸ ትምህርት በአምስት ጊዜ አዳመጡ። ከሦስት ወር በኋላም ጭንቀታቸውና ድብርታቸው ብቻ ሳይሆን የቁጣ ግንፋሎታቸውም ቀንሶ ተገኝቷል። ትምህርቱን የመሩትም ሐኪሞች አልነበሩም፤ አጭር ሥልጠና ያገኙ ሰዎች ነበሩ። ይህ ለእኛ ለመምህራን ትልቅ ማበረታቻ ነው።

8. የመምህሩ ድርሻ

መምህሩ መድኃኒት አያዝም፤ አይከለክልምም። ድርሻው ሦስት ነው፦ ሕመሙን በስሙ መጥራት፣ ወደ ሐኪም አብሮ መሄድ፣ ስድስቱን ሳምንት አብሮ መቁጠር።

«ጸሎት ወይስ መድኃኒት?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሁለቱም ነው። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም እንዳንንቅ ይመክረናል። በ1999 ዓ.ም. በእንጦጦ ጠበል ይጠመቁ የነበሩ ሕሙማን የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ መምከራቸው ይታወሳል። ያው ምክር ለድብርት መድኃኒትም ይስማማል።

ቁጣ ኃጢአት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሕመም ግን የሰውን ነጻ ፈቃድ ያዳክማል፣ ተጠያቂነቱንም ይቀንሳል። ይህን የሚመዝነው ካህን ነው፤ እኛ ግን በሽተኛውን ደጋግመን በመውቀስ በሸክሙ ላይ ሸክም አንጨምር። በሌላ በኩል ሕመም ዱላን አያጸድቅም። ቤት ውስጥ ድብደባ ካለ አስቀድሞ ሚስትና ልጆች ወደ ደኅና ቦታ ይሂዱ፤ ሕክምናው ከዚያ ይከተላል። «ታሞ ነው፣ ቻይው» ብሎ መመለስ የመምህር ምክር አይደለም።

ያቺ እናት «ይህ ሰው የማውቀው ባሌ አይደለም» ስትል ትክክል ነበረች። የምታውቀው ሰው ግን አልጠፋም ነበር፤ ሕመም ሸፍኖት ነበር እንጂ። እስኪገለጥ ድረስ የሚጠብቅ፣ ደብተር የሚይዝ፣ በቀጠሮው ቀን የሚያጅብ ሰው በየቁምስናችን አይጥፋ።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በአካባቢያችን ስለ ቁጡ ሰው የምንናገራቸው አነጋገሮች የትኞቹ ናቸው? ሕመምተኛውን ወደ ሕክምና የሚያቀርቡት የትኞቹ፣ የሚያርቁትስ የትኞቹ ናቸው?

ለ. መድኃኒት በአሥረኛው ቀን ሊያቋርጥ ለተነሣ ሰው ምን ብለን እንመክረዋለን?

ሐ. ባሮ ሞልቶ መንገድ ሲቋረጥ መድኃኒት እንዳያልቅባቸው በቁምስናችን ያሉ ሕሙማንን በምን መንገድ ልንረዳ እንችላለን?

መ. ብስጩ በሆነ ሰው ቤት ያሉ ሕፃናትን የሚጠይቃቸው ማን ነው?